የሦስት ሰዓቱ ሳጥን

ጸሐፊው ሞቶ የተገኘው ከሰው ቁመት ብዙም በማይረዝም የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው። ጫማው ከሳጥኑ አጠገብ ጥንድ ሆኖ ተቀምጧል፤ መነጽሩ ታጥፎ ጫማው ላይ ተደርጓል። እጆቹ ከፊቱ በነጭ ጨርቅ ታስረዋል፤ ቋጠሮው ግን ልል ነው፣ የትግል ምልክትም የለበትም። የቀኝ ካልሲው ተረከዙ ላይ ተቀዷል። በሳጥኑ ግርጌ፣ ከውስጥ በኩል፣ ተረከዙ ያረፈበት እንጨት ደም ነክቶታል።

«ማን ከፈተው?» አለች መርማሪዋ። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «እመት ለምን» ይሏታል፤ እሷም ታውቃለች፣ አትቀየምም።

«እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው አናጢ። ወርክሾፓቸው ከልምምድ አዳራሹ ጋር ግድግዳ ይጋራል። «ልጅቱ ስትጮህ መጋዜን አጥፍቼ ሮጥኩ። ሁለቱም መቀርቀሪያ ከውጭ ተዘግቶ ነበር።»

ሳጥኑን የማያውቅ አልነበረም። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት አንድ ሰው አየር አይገባበትም በተባለው በዚህ ሳጥን ውስጥ፣ በሕዝብ ፊት፣ እጁ በነጭ ጨርቅ ታስሮ፣ ሦስት ሰዓት ተዘግቶበት በእግሩ ወጥቷል። ግማሹ «ጥበብ ነው» ሲል ግማሹ «እብደት ነው» እያለ ተጨቃጨቀ። ሰውየው ግን ከዚያ ወዲህ ብዙ እንግዳ ትርኢት ቢያሳይም «ባለሳጥኑ» እንደተባለ ቀረ። ያን ቀን ካጨበጨቡት አንዷ መርማሪዋ ነበረች። «ለምን?» ሳትል ያለፈችው ነገር ቢኖር እሱ ነው፤ አሁን ስታስበው ፊቷ ጋለ።

ሟቹ የባለሳጥኑን የሕይወት ታሪክ ሊጨርስ ጥቂት ገጾች ነበር የቀሩት። ከሳጥኑ አንድ እርምጃ ርቆ፣ ፊቱን ወደ ሳጥኑ ያዞረ ወንበር አለ። ወንበሩ ሥር የወደቀውን የረቂቁን ገጽ አነሳችው።

«በሁለተኛው ሰዓት ሰውነቴ ከዳኝ፤ ሳጥኑን በተረከዜ ደበደብኩት። ረዳቴ ግን እንዳስጠነቀቅኩት አልከፈተልኝም። ከፍቶልኝ ቢሆን ዛሬ እኔ እኔ አልሆንም ነበር።»

ኅዳጉ ላይ በሟቹ እጅ ጽሑፍ «ራሴ ሳልሞክረው አይታተምም» ይላል። የገጹ ጠርዝ በላብ ርሶ፣ በጣት ታሽቶ ሊበጠስ ደርሷል።

ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠችው የሟቹ ሚስት ገጹን ስታይ ራሷን ነቀነቀች። «እሱ እንዲህ ነው። ‹መንገዱ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል› ብሎ ለመጻፍ ራሱ የሚሄድ ሰው ነው። ትናንት ‹ነገ አንዲት ነገር ሞክሬ እጨርሳለሁ› አለኝ። ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩትም።»

መርማሪዋ ተመልሳ ሳጥኑ ላይ ጎንበስ አለች። በራስጌው በኩል አንዲት ክብ ነገር ከሌላው እንጨት ፈካ ብላለች። አሸተተቻት።

«አባባ፣ ይህ ውታፍ ገና ኮላ ኮላ ይሸታል። ማን ደፈነው?»

አናጢው እጃቸውን ደጋግመው በሽርጣቸው ጠረጉ። «እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ‹መጽሐፍ የሚጽፈው ሰውዬ ሳጥኑን ሊያይ ነው፣ ድፈንልኝ› አለኝ፤ ባለሳጥኑ።»

«ቀዳዳው ለምን ነበር?»

«ለመተንፈሻ ነዋ። ልክ አፉ የሚያርፍበት ላይ ነው። ያኔም የበሳሁት እኔ ነኝ።»

«ሟቹ ጠይቆዎት ነበር?»

«ሁለቴ ጠይቆኛል። ሁለቴም የለውም አልኩት።» አንገታቸውን ደፉ። «አፈርኩ፣ እመቤቴ። ሃያ ስድስት ዓመት የዋሸ አፍ በአንድ ቀን አይመለስም።»

የባለሳጥኑ ልጅ፣ የአባቷን ፎቶና ደብዳቤ የምታደራጅ ሴት፣ እጆቿን ጉልበቶቿ መካከል ቀብራ መለሰች። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣሁ። ጫማውን አየሁና ጮህኩ።»

«ሬሳውን ነው ጫማውን?»

«ጫማውን።»

«ልጄ፣ ጫማ አይቶ የሚጮህ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።»

ልጅቱ ወደ አባቷ ዞረች። አባቷ በበኩሉ፣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር የለበሰ ቀጭን ሰው፣ ሳይጠየቅ ተናገረ። «ልጄ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቤት ከእኔ ጋር ነበረች። የደወለልኝም ሰው የለም።»

«ስለ ስልክ እኮ አልጠየቅኩዎትም» አለች መርማሪዋ፣ ጻፈችውም።

በማግስቱ ጠዋት አራቱንም በልምምድ አዳራሹ ሰበሰበቻቸው። ሳጥኑ መሐል ላይ ክፍት ነው።

«ሟቹ ወዶ ነው የገባው። ጫማውና መነጽሩ፣ የላላው ቋጠሮም ይመሰክራሉ። ከውጭ የዘጋለት ሰው ግን አለ። ያ ሰው አልሸሸም፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ተረከዙ እንጨቱን ሲደበድብ እዚህ ሆኖ ሰምቷል። አባባ በመጋዛቸው ጩኸት አልሰሙም፤ እሱ ግን ሰምቷል። ለምን አልከፈተም?»

ከወንበሩ ሥር ያነሳችውን ገጽ አውጥታ አሳየቻቸው።

«ሊገድል የመጣ ሰው ቁጭ ብሎ ገጽ አያነብም። ይህን ወረቀት በላቡ ያራሰው፣ ምቱን በሰማ ቁጥር ‹አትክፈት› የሚለውን መስመር እየፈለገ ልቡን ያጸና ሰው ነው። ገጹን ያመነ ሰው ነው። አባባ አያምኑትም፤ ቀዳዳውን የበሱት እሳቸው ናቸው። እርስዎም አያምኑትም፣ ጋሼ፤ በዚያ ቀዳዳ የተነፈሱት እርስዎ ነዎት። ጫማ ብቻ አይታ የጮኸችው ግን ሳጥኑ ውስጥ ማን እንዳለ ታውቅ ነበር።»

«‹እንዳትከፍቺ› ብሎኝ ነው!» ልጅቱ ፊቷን ሸፈነች። «ስድስት ሰዓት ላይ ዘጋሁለት። ‹ብደበድብም እንዳትከፍቺ፣ አባትሽም ደብድቦ ነበር› አለኝ። ዘጠኝ ሲሞላ ጠራሁት፣ ዝም አለኝ። እጄ መቀርቀሪያውን ማንሳት አቃተው።» ድንገት ቀና አለች። «የምን ቀዳዳ ነው ደግሞ?»

አናጢው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ከፈራሽ በኋላ ለማን ደወልሽ?» አለች መርማሪዋ። «ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ አርባ ሰከንድ የፈጀ ጥሪ ስልክሽ ላይ አለ።»

«ለማንም። የገደልኩት እኔ ነኝ፤ እኔን እሰሩኝ።»

«ጋሼ፣ ልጅዎ ለእርስዎ ስትል እስር ቤት ልትገባ ነው። ቀዳዳው መደፈኑን ያውቁ ነበር። ‹ክፈቺ› አንድ ቃል ናት።»

ባለሳጥኑ መሬት ተከፍታ ብትውጠው የሚመርጥ ይመስል ነበር። በየአገሩ መድረክ የቆመ ሰው አሁን እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፋው።

«‹አባዬ፣ እየመታ ነው፣ ልክፈት?› አለችኝ» አለ። «ክፈቺ ብላት ‹ለምን?› ማለቷ አይቀርም። እሷ የተወለደችው ከዚያ በኋላ ነው፤ እኔን የምታውቀኝ በዚህ ሳጥን ነው። ‹እኔም መትቻለሁ፣ ጠብቂ› አልኳት። ፈርታ ራሷ ትከፍታለች ብዬ አስቤ ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መልሼ ልደውል እጄ ላይ ይዤው ተቀመጥኩ። አፈርኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ አፍሬ ነው።»

«ባሌ የሞተው አንተ እንዳታፍር ነው?» አለች የሟቹ ሚስት። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

ባለሳጥኑ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«አባዬ» አለች ልጅቱ። «እሱ አሥራ ሰባት ጊዜ መታ። ቆጥሬያለሁ። አንተ ስንት ጊዜ ነው የመታኸው?»

«አንድም ጊዜ አልመታሁም። አየር እኮ ነበረኝ፣ ልጄ፤ ምን ያስመታኛል? ታሪኩ እንዲያምር ብዬ ዘንድሮ የጨመርኩት ነው።»

ልጅቱ ከአባቷ ጎን ተነሳች። የሟቹ ሚስት አጠገብ ባዶ ወንበር ነበር፤ እሱ ላይ መቀመጥ አልደፈረችም። ወለሉ ላይ፣ ከሴትየዋ እግር ሥር ተቀመጠች።