የድንኳኑ አራት እግሮች

ማዳበሪያው በአንድ እጇ ተነሳላት።

ሉሊት ደንግጣ መልሳ አስቀመጠችው። አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ እንዲህ አይነሳም።

ለትምህርት ቤቱ ባዛር ሜዳው ላይ ያቆሙት ድንኳን አራት እግሮች ከአራት ማዳበሪያዎች ጋር ታስረዋል። ካስማ መትከሉ አልሆነላቸውም ነበር፤ የወረታ ዋልካ አፈር በግንቦት ስለሚሰነጣጠቅ የመቱት ካስማ ሁሉ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ይወላልቅባቸዋል። ጓደኛዋ ሰአዳ ናት «የአሸዋውን ነገር ለእኔ ተይው፤ ከርብ ወንዝ አስጭኜ አመጣለሁ» ያለቻት።

ሉሊት የማዳበሪያውን አፍ ፈትታ እጇን ሰደደች። የሚኮሰኩስ የሩዝ ገለፈት ነው። ሁለተኛውን ፈታችው፤ ያው ገለፈት። ሦስተኛውም እንዲሁ። አሸዋ ያለው አራተኛው ውስጥ ብቻ ነው።

«ሰአዳ!»

ሰአዳ ድንኳኑ ውስጥ የተሰቀሉትን ሥዕሎች እያቃናች ነበር። ብቅ ስትል የጓደኛዋን እጅ አየችና ፊቷ ተለዋወጠ።

«አሸዋ ነው አላልሽኝም?»

«ባለ ጋሪው አንዱን አምጥቶ በዚያው ቀረ። እኔ ደግሞ አባባን አሞት ሱቁን ጥዬ መሄድ አልቻልኩም። የሩዝ መፈተጊያው ከጓሯችን ነው...» ድምጿ ወረደ። «እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ሉሉ። ሥዕሉን ለመጨረስ ስትይ እንቅልፍ አጥተሽ ከረምሽ።» ከዚያ ትከሻዋን ሰበቀች። «ደሞ አታካብጂ። ቆሟል አይደል?»

መቆሙንስ ቆሟል። ውስጡ አቡጀዲ ላይ የተሳሉት የሉሊት ሥዕሎች ተሰቅለዋል፤ ሜዳው ክረምት ላይ ውሃ ሲለብስ እስከ ጉልበታቸው ገብተው የሚግጡት የቁሐር ሚካኤል ላሞች። ከባሕር ዳር የመጣው ሠዓሊ ባየህ ደግሞ ድንኳኖቹን እየዞረ ነው። ለክረምቱ ሥልጠና የሚመርጠው አንድ ተማሪ ብቻ ነው። ሉሊት ጋ ለመድረስ ጥቂት ድንኳኖች ቀርተውታል።

በጣና በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ነፋሱ መጀመሪያ የሸራውን ጫፍ ነካ ነካ አደረገ። ወዲያው ሸራው ተነፋና ሁለቱ እግሮች ከመሬት ስንዝር ያህል ተነስተው ጓ ብለው ተቀመጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ቤትሽ መንገድ ሊጀምር ነው!» ብለው ሳቁ እትዬ ይታይሽ። ሸክላ ሻጯ እትዬ ይታይሽ የራሳቸው ድንኳን ስለሌላቸው ድስትና እንስራቸውን በሉሊት ድንኳን ጥላ ሥር ደርድረው፣ የእግሩን ብረት ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«እኔ ያኛውን እግር ልያዝ፣ አንቺ ይሄኛውን» አለች ሰአዳ በሹክሹክታ። «ሰውዬው አይቶ እስኪያልፍ ብቻ። በአላህ ሉሉ፣ ደርሷል እኮ!»

ሉሊት እግሩን ያዘች። ብረቱ መዳፏ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ሠዓሊው አጠገባቸው ካለው ድንኳን ገብቶ፣ ጎንበስ ብሎ የአንዱን ልጅ ሥዕል ያያል። እንዲህ ያለ ዕድል እስከዛሬ ቀርቧት አያውቅም። ቀና ስትል ግን የጣሪያውን ብረት አየችው። ልክ ከእትዬ ይታይሽ ራስ በላይ ነው።

«እትዬ፣ ይነሱልኝ።»

«ምነው ልጄ? ጥላው ለሁላችን ይበቃን የለ?»

«ድንኳኑን ላወርደው ነው። በደንብ አልታሰረም።»

«እንዴ! ሰውዬው ሳያይልሽ?»

ሉሊት ወደ ውስጥ ገባች። ሥዕሎቹን እያወረደች መጠቅለል ጀመረች። ሰአዳም ዞራ ገመዱን ፈታች። ሁለቱም ብረቱን ወዲያና ወዲህ ይዘው ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስተኙት።

ነፋሱ አቧራውን አስነስቶ ደረሰ። የሜዳው ሰው ራሱን እየሸፈነ ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሮጠ። ሠዓሊውም አብሮ ሮጠ። እትዬ ይታይሽ ሸክላቸውን በጋቢ ሸፍነው ላዩ ላይ አጎነበሱ። ሁለቱ ልጆች ሸራው እንዳይነሳ ዘለው ተቀመጡበት።

«ይቅር በይኝ» አለች ሰአዳ፣ ዓይኗን ከሸራው ሳታነሳ። «እውነቱን ብነግርሽ ኖሮ ጠዋት አንድ ነገር እናደርግ ነበር።» ከዚያ በክርኗ ገፋ አደረገቻት። «ምን ትቀመጫለሽ? ሩጪ! አዳራሽ ውስጥ ብታሳዪው እኮ ይሆናል። ሸራውን እኔ እይዘዋለሁ።»

ሉሊት ጥቅሎቹን አቅፋ ተነሳች። የአዳራሹ በር ገና ክፍት ነው። ጥቂት ሮጣ ዞር አለች። እሷ የተነሳችበት የሸራው ወገን ወዲያው ተነፍቶ ተነስቷል። ሰአዳ በሆዷ ተኝታበት፣ እጅና እግሯን ዘርግታ ትታገላለች። ሸራው ግን እሷንም ብረቱንም ይዞ ወደ እትዬ ይታይሽ በኩል እየተንፏቀቀ ነው።

«አልሄድሽም እንዴ?» ብላ ጮኸች ሰአዳ። «ሂጂ እንጂ! በሩን ሊዘጉት ነው!»

ሉሊት ጥቅሎቹን ሹራቧ ውስጥ ከተተች።

«ፈቀቅ በይ» አለቻትና አጠገቧ ተኛች።