ቤት ተሸክሞ መሄድ አይቆጠርም

ይህ ታሪክ ከዳር እስከ ዳር እውነት ነው፤ ከዋሸሁ ምላሴ ይቆረጥ!

«ቤት አልቀየራችሁማ!» አሉ ሚስተር ፔንሮድ፣ የወረዳው የተማሪዎች ስፖርት ኃላፊ።

ማርላ ኮስለር ጥርሷን ነከሰች። የድሮ ትምህርት ቤቷ ልጅ አጥቶ የሩጫ ቡድኑን ሲበትን፣ ወደ ጎረቤት ወረዳ ትምህርት ቤት ገባች። በአሜሪካዋ ካንሳስ ሕግ ደግሞ ትምህርት ቤት የቀየረ ተማሪ፣ ቤተሰቡ ቤት ካልቀየረ ዓመት ሙሉ አይወዳደርም። አባቷ ሩዲ ምን አደረገ? እዚያ አገር እንደሚደረገው ቤቱን ከነጣሪያው ከመሠረቱ አንስቶ፣ በከባድ መኪና ጭኖ የወረዳውን ድንበር አሻገረው። ቤቱ እየሄደ እናቷ ውስጥ ሆና ሾርባ ታማስል ነበር።

«ሕጉ ‹ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት› ነው የሚለው» አሉ ሚስተር ፔንሮድ። «እናንተ ከቤታችሁ መቼ ወጣችሁ?»

«ቤቱ ራሱ ወጣ እኮ!» አለች ማርላ።

«እሱ አይቆጠርም።»

ማርላና አባቷ ፍርድ ቤት ሄዱ። ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት።

«ልጄ፣ ከየትኛው ውድድር ተከለከልሽ?»

«ገና አልተጀመረም፣ ክብርት ዳኛ።»

«እንግዲያው ገና አልተጎዳሽም። ያልተጎዳ ሰው መክሰስ አይችልም።»

«ሻምፒዮናው ካለፈ በኋላ ብመጣስ?»

«ያለፈውንማ በምን እመልስልሻለሁ?»

ማርላ ከሳቅና ከልቅሶ መሃል የሆነ ድምፅ አወጣች።

ጓደኛዋ ትሪና ደጅ ትጠብቃት ነበር። «አቦ አታካብጂ! ‹ከነቤተሰቤ የትሪና አክስት ጋ ነው የምኖረው› በያ፤ በቃ ትሮጫለሽ። ማን መጥቶ አልጋሽን ያያል?»

ቀላል ነበር። ማርላ አሰበችበት፤ ደጋግማ አሰበችበት።

«አባዬ ቤት ተሸክሞ መጥቶ፣ እኔ አክስትሽ ጋ?» አለች በመጨረሻ። «ተይው፣ ትሪና።»

የወቅቱ የመጀመሪያ ውድድር ትንሽዬ ነበረች፤ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥራትም። ሻምፒዮናው ገና ሩቅ ነው። ዝናብ ያወርደዋል። ማርላ ጫማዋን አጥብቃ መነሻው መስመር ላይ ቆመች። ሚስተር ፔንሮድ ጃንጥላቸውን ይዘው እየሮጡ መጡ።

«አንቺ! አትወዳደሪም ተብለሻል፣ ውጪ!»

«ጮክ ብለው ይበሉት፣ ሁሉም ይስማ።»

«ከልክዬሻለሁ፣ ውጪ አልኩ!»

ተኩሱ ሲሰማ ልጆቹ ጭቃ እየረጩ በፊቷ አለፉ። እግሯ ሊከተላቸው ከጀለ፤ ያዘችው። ከዚያ ወደ አባቷ ሄደች።

«አባዬ፣ ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ውሰደኝ» አለችው። «አሁን ተጎድቻለሁ።»

እሺ፣ ዝናቡን እኔ ነኝ የጨመርኩት። ጠራራ ፀሐይ ነበር።