በጠመኔ የተጻፈ ቃል

በኅዳር ወር ፲፱፻፸፪ ዓ.ም. በአንድ እሑድ ማለዳ፣ የዳሞታ ተራራ ጉሙን ገና ሳይገልጥ፣ የሶዶ ከተማ ሕዝብ የመሠረተ ትምህርት ተመራቂዎችን ለማየት ወደ ቀበሌው አዳራሽ ይጎርፍ ጀመር፤ ከተመራቂዎቹም አንዷ የሳይንስ መምህሩ የጩማ ሚስት አባይነሽ ነበረች።

አባይነሽ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። ሰፈርተኛው የእጇን ድስት ገዝቶ ወጥ ይሠራበታል፤ የእጇን ወጥ ግን አይቀምስም። ጩማ የባላባት ልጅ ሆኖ ሳለ ዘመዶቹን አስቀይሞ አገባት፤ ከዚያ ወዲህ እንግዳ በቤታቸው እህል ቀምሶ አያውቅም። ልጇን በወለደች ጊዜ ለጠያቂ የቀረበው ገንፎ ሳይነካ ቢቀር ምርር ብላ አለቀሰች።

ያን ጊዜ ጩማ ወደ ጓሮው እንሰት ይዟት ወጣ።

«ይህ ድሮ የዱር ነበር፤ እናቶቻችን የሚሻለውን እየመረጡ ሲተክሉ ስንት ትውልድ ፈጀባቸው! ለተማሪዎቼ ዝግመተ ለውጥ የምለው ይኸንን ነው። ሰውም እንዲሁ ነው፤ የሁላችንም ግንድ አንድ ነው። ለውጥ በዝግመት ይመጣል፤ የልጅ ልጆቻችን ከጎረቤቶቻችን የልጅ ልጆች ጋር ከአንድ ገበታ ይበላሉ።»

«እኛስ?»

«እኛማ እንተክላለን።»

አባይነሽ ይህችን ቃል እንደ ስንቅ ይዛት ኖረች።

እነሆ በዚያ እሑድ ጓድ ደገፉ የተባለው ካድሬ ጠመኔ ሰጥቷት «የፈለጉትን አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉልን» አላት። ሌሎቹ መፈክር ጽፈው ተጨብጭቦላቸዋል፤ እሷ ግን ባሏን ልታኮራ ብላ «ለውጥ በዝግመት ይመጣል» ስትል ጻፈች፤ አንድም ፊደል አልሳተችም። ዞር ብላ ብታየው የጩማ ፊት አመድ መስሏል።

«ዝግመት?» አለ ደገፉ። «አብዮቱ እየጋለበ ሳለ ይዝገም ነው የሚሉት? ማነው ያስተማረዎት?»

አባይነሽ ሙገሳ የመጣ መስሏት፣ «ባለቤቴ ናቸው» አለች።

ጩማ ብድግ ብሎ «ጓድ፣ የሳይንስ ቃል ነው፤ ስለ እንሰት ነው የነገርኋት» ቢል የሚሰማው አልተገኘም። አድኃሪ ተብሎ በማግስቱ ተወሰደ። አባይነሽ ስንቅ ስታመላልስ ከረመች፤ በስድስተኛው ወር የእስር ቤቱ ዘበኛ «ከእንግዲህ አታምጪ» አላት። ይህ ቃል በዚያ ዘመን ሞት ማለት እንደ ነበረ የማያውቅ አልነበረም።

የጩማ ተስፋ ከአርባ ዓመት በላይ ዘግይቶም ቢሆን ደረሰ። ባለፈው ዓመት የልጅ ልጃቸው ሜላት ስትዳር፣ ያኔ ገንፎውን ሳትነካ የሄደችው የጎረቤቷ የሳህሊቱ የልጅ ልጆች ከአባይነሽ ድስት እየጨለፉ በሉ፤ ተጎራረሱም። አሮጊቷ አባይነሽ ግን ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ «አላልኩሽም ነበር?» የሚላት የለማ!

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በዓለም ፊት ተመሰገነ፤ ማንበብ የቻለው ሕዝብም ተቆጥሮ ለትውልድ ተመዘገበ። ዘንድሮ አባይነሽ የቤቷን ካርታ ልታወጣ ማዘጋጃ ቤት ሄዳ፣ ወጣቷ ሠራተኛ «እማማ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ» ስትላት ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ የአባቷ ስም አንድ ፊደል እንደ ተሳተም አየች። ይሁን እንጂ ከዚያ እሑድ ወዲህ እጇ ጠመኔም ሆነ ብዕር ጨብጦ አያውቅምና አውራ ጣቷን ወደ ቀለሙ ሰደደች።

«መጻፍ አይችሉም እንዴ?»

«አልችልም፣ ልጄ።»

ልጅቱም «ያልተማሩ» ብላ ሞላች፤ መዝገብም የሚያውቃት በዚሁ ነው።