ፍሬሰንበት ያላነበበችው መስመር

«ቀጥይ እንጂ፣ ከዚያስ ምን ይላል?» አለች ደመቀች።

ፍሬሰንበት ደብዳቤውን ወደ ራሷ ጠጋ አደረገች። ከግብር ክፍል የመጣ ነው፤ ከእናቷ ደሞዝ ላይ በየወሩ አሥራ ስምንት ብር እንዲቆረጥ ያዛል። ቀጣዩ መስመር ደግሞ «ሠራተኛዋ በሞሉት ቅጽ በወር ሁለት መቶ አርባ ብር ጉርሻ እንደሚያገኙ ስላስታወቁ» ይላል። ደመቀች ማንበብም መጻፍም አትችልም። ቅጹን የሞላችው ፍሬሰንበት ናት፣ ያውም በእጅ ጽሕፈቷ እየኮራች።

«ከዚያ በኋላ ማኅተም ብቻ ነው» አለች። ውሸቱ ከአፏ ሲወጣ ቀላል ነበር።

ደመቀች ጋምቤላ፣ ኒውላንድ ሰፈር ባለ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ናት። እዚያ ደንበኛ ጉርሻውን ለማንም ይስጥ ለማን፣ ብሩ የሚገባው አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ቆርቆሮውን ደመቀች ትይዛለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለስድስት ይካፈሉታል። ከደንበኛ ጋር ተያይታ የማታውቀው ዕቃ አጣቢዋ ኛቦትም እኩል ይደርሳታል። ዲማ ወርቅ ቆፍረው፣ ሸጠው የሚመጡ ልጆች ያሉ እንደሆነ ድርሻው ደህና ይሆናል።

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ወዲህ ጉርሻም እንደ ደሞዝ ይመዝገብ ተባለና ቅጽ መጣ። «በወር የሚቀበሉት ጉርሻ» የሚለው ቦታ ላይ ፍሬሰንበት እናቷ እጅ የሚገባውን ሁሉ ደምራ ጻፈች። ለስድስት ማካፈሉን ዘነጋችው፣ በሒሳብ ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣው ልጅ። የእናቷ ድርሻ አርባ ብር ብቻ ነበር። እሱ ቢጻፍ ኖሮ ግብሩ ባልነካት።

«የኛቦት ሥራ ነው» አለች ደመቀች ለማታ ሥራ ፀጉሯን እያሰረች። «የግብሩ ሰውዬ ሲጠይቃት ‹ብሩ ደመቀች ጋ ነው› ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ትናንት አለቃችን ስለሚቆረጠው ብር ሲነግረኝ፣ አዳራሹ መሀል በሰው ፊት ልክ ልኳን ነገርኳት።»

«ምን አለችሽ?»

«ምን ትላለች፣ ወደ ጓሮዋ ተመለሰች። ከነገ ጀምሮ መካፈል የሚባል ነገር የለም። ሁሉም የተሰጠውን በየኪሱ።»

ፍሬሰንበት የኛቦትን ልጅ ኛዱዎትን አሰበች። ሁለቱም ስምንተኛ ክፍል ናቸው፣ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ለሚኒስትሪ ፈተና ፎቶ ያላመጣችው ኛዱዎት ብቻ ናት። ጠዋት ስትጠየቅ «ቅዳሜ ማዘር ብር ስትይዝ እነሳለሁ፣ አታካብዱ» ብላ ስቃ ነበር።

«እማዬ፣ ኛቦት አይደለችም» አለች ፍሬሰንበት። «እኔ ነኝ። የሁላችሁንም ድርሻ ባንቺ ስም ጻፍኩት።»

የደመቀች እጅ ፀጉሯ ላይ ቀረ። «እኔ አንቺን አምኜ ነው ቅጹ ላይ ጣቴን ያሳረፍኩት» አለች።

«ሰኞ ሄጄ አዲስ ቅጽ እሞላለሁ።»

«ቅጹስ ይሞላል። ሴትዮዋን ምን ፊት ይዤ ነው የማያት?»

ፍሬሰንበት አፈረች፣ እናቷም አሳዘነቻት። አብረው ወጡ። ምግብ ቤቱ በር ላይ ደመቀች ቆም ስትል ፍሬሰንበት ብቻዋን በጓሮ ዞረች።

ኛቦት ሳህን ታጥብ ነበር። ቀና አላለችም። «ኛዱዎት እዚህ የለም። ባሮ ወንዝ ሄዷል፣ ልብስ ያጥባል» አለች፣ ሴትን እንደ ወንድ በምትጠራበት አማርኛዋ።

«እርስዎን ፈልጌ ነው፣ እትዬ ኛቦት። ስለ ትናንቱ ነገር።»

ኛቦት እጇን ከውኃው አወጣች። ጓሮው ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም። ከአዳራሹ የአስተናጋጆቹ ድምፅ ይሰማል። እዚሁ በሹክሹክታ ተናግሮ መሄድ ይቻል ነበር።

«ተናገር» አለች ኛቦት።

«እዚህ አይደለም» አለች ፍሬሰንበት። የአዳራሹን በር ከፍታ ያዘች። «ይግቡ። ትናንት ሲሰደቡ የሰሙት ሁሉ ይስሙኝ።»