ሐረግ-በል የሰረቀው «አንቺ»

በዘምበራ ምድር ዘውድ የተሰረቀበት ዘመን ነበር፤ ነጋሪት የተሰረቀበትም ነበር። በንግሥት ሳብላ ዘመን የጠፋው ግን ቃል ነው። አንድ ማለዳ አንዲት እናት የምታጠባውን ልጇን ቁልቁል አይታ «አንቱ ማን ነዎት?» አለችው። አባት ለሴት ልጁ ብድግ ብሎ እጅ ነሣ። ወንድማማቾች በር ላይ «ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ ዋሉ። መኳንንቱ መጀመሪያ አገሩ ጨዋ ሆነ ብለው ደስ አላቸው። ጡት የሚሰጣቸው ያጡ ሕፃናት ማልቀስ ሲያቆሙ ግን ሳቁ ቀረ።

ሥራው የሐረግ-በል ነበር። ይህ የጽልመት ገደል ፍጡር የሰውን የዘር ሐረግ እየተከተለ ይሳባል፤ ዘመድ ከዘመድ የሚጠራራበትን «አንቺ» እና «አንተ» ለቅሞም ይመለሳል፤ ቃሉ የተወሰደበት ሰውም ዘመዱን አያውቅም። አንድ ቤት ብቻ አለፈው። በከተማው ቅጥር ጥግ፣ ልጆቻቸው የጣሏቸው አሮጌው ወታደር አያ ምንዳዬ፣ ከደጃፍ አንሥተው ያሳደጓት ትርንጎ፣ እና በአንድ ክረምት ጎርፍ አባርሯት መጥታ በዚያው የቀረችው እንኮይ አብረው ይኖሩ ነበር። ዘር ቢቆጠር የትም አይገናኙም። ትርንጎና እንኮይ ይዋደዳሉ፤ በአንድ ጋቢ ያድራሉ፤ አንዷ ስታስል ሌላዋን ያማታል።

ንግሥቲቱ አስጠሯቸው። «እናንተ የማንም ያልሆናችሁ» አሉ ከዙፋናቸው ወርደው፣ «ዛሬ ከእናንተ በቀር የሰው የሆነ ሰው የለኝም። ሂዱና አገሬን አምጡልኝ።»

«ትርንጎ ትሙት! ሳላመጣ አልመለስም» ስትል እንኮይ ማለች።

«ምነው በእኔ? በራስሽ አትምይም?» አለቻት ትርንጎ። አያ ምንዳዬ ሳቁ።

በጽልመት ገደል ወፍ አይጮህም። ከጭጋጉ ሥር ግን «አንቺዬ… አንተዬ… አንቺ…» የሚል ሹክሹክታ ይወጣል፤ ባለቤት የሌለው የእናቶች ድምፅ ነው። አያ ምንዳዬ ጉልበታቸው ስለከዳቸው ገመዱን ይዘው አፋፉ ላይ ቀሩ። ሁለቱ ወረዱ።

ሐረግ-በል ዓይን የለውም። ገላው የዛፍ ሥር ይመስላል፤ በየሥሩ ጫፍ አንድ አፍ አለ፤ አፉ ሁሉ ይንሾካሾካል። ትርንጎ ጦሯን ወረወረች። ጦሩ በጭስ ውስጥ እንደሚያልፍ አለፈው።

«የበላሁት ሁሉ የተወረሰ ነው» አለ በአንዲት እናት ለስላሳ ድምፅ። «ሁለት ሰዎች መርጠው የተሰጣጡትን ቀምሼ አላውቅም። አንዳችሁ የራሳችሁን «አንቺ» ስጡኝ፤ ሌላውን ሁሉ እለቃለሁ።»

እንኮይ ልትናገር አፏን ስትከፍት ትርንጎ በመዳፏ ከደነችው። «ዝም በይ። አንቺ ብትረሺኝ እኔ አልችለውም። አንቺ ግን ትችያለሽ፤ ሁልጊዜም ከእኔ ትጠነክሪያለሽ።»

«ትርንጎዬ፣ እባክሽ…»

«እወድሻለሁ» አለቻት፤ ሳመቻትም። ልቧ እየፈራ ነበር። ከዚያ ወደ አፎቹ ዞራ «ውሰድ» አለች።

ገደሉ ተንቀጠቀጠ። ሥሮቹ አንድ በአንድ ደርቀው ተሰበሩ፤ ሹክሹክታውም እንደተለቀቀ ከብት እየተጋፋ ሽቅብ ወጣ። ከሩቅ፣ ከከተማው፣ የሕፃናት ለቅሶ ተሰማ።

ትርንጎ ስትነቃ አፋፉ ላይ ተኝታለች። አያ ምንዳዬን ወዲያው አወቀቻቸው። አጠገባቸው አንዲት ሴት ተቀምጠው ያለቅሱ ነበር። መልካቸው ያምራል፤ መዳፋቸውን ገመድ ልጦታል። ማንን ተሸክመው እንደወጡ እንጃ።

«ምነው እመቤቴ፣ ማን ሞተብዎት?» አለቻቸው።

አያ ምንዳዬ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ። ሴትዮዋ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ማንም አልሞተብኝም» አሉ። «በይ ተነሺ፤ ቤታችን ሩቅ ነው።»

ከማያውቁት ሰው «ተነሺ» መባል ትርንጎን ቅር አላት። ጨዋ ሰው እንዲህ አይናገርም ልትል ነበር። የሴትዮዋ እጅ ግን ተዘርግቶ ይጠብቃል። ይዛው ተነሣች።