ያልተገለበጠው የዳቦ ፍሬ

በትንሽ አገር ልዩ የወንጀል ምርመራ ቡድንን የሚያፈርሰው የሥጋ ዝምድና ብቻ ነው ብላ ኢንስፔክተር ዩዶራ ፕሮስፐር ለዓመታት ታምን ነበር። የቡድኑን የምልመላ ጥያቄዎች ያረቀቀችውም እሷ ናት። አጎቱን፣ አማቹን፣ የእንጀራ ልጁን ሳይቀር እየጠየቀች፣ እያንዳንዱን እጩ በውሸት መመርመሪያው መሣሪያ ፊት አስምላዋለች። ምን እንደዘለለች የተገለጠላት በቲቡርስ ሬሳ አጠገብ ቆማ ነው።

ቲቡርስ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ለነጋዴው ኦስበርት ጠመንጃ በጀልባ ሲያሻግር ተይዞ፣ ሰኞ ችሎት ፊት ሊመሰክርበት ተስማማ። እስከዚያው ልዩ ቡድኑ ኮረብታው ላይ፣ አሮጌ የካካዎ ማድረቂያ ቤት ውስጥ ሸሽጎት ነበር። አሁን በጓሮው የማብሰያ ዳስ ሥር፣ አንገቱ ላይ የገመድ ሰንበር ታትሞ ተዘርሯል። መዳፎቹ ወተት በመሰለ ሙጫ ተጣብቀዋል። ከጎኑ፣ ሊከስም በተቃረበ ፍም ላይ፣ የሰው ጭንቅላት የሚያህል የዳቦ ፍሬ፣ የደሴቱ ሰው ጠብሶ የሚበላው የዛፍ ፍሬ፣ ይጨሳል። ሽታው ከሬሳው ጋር ተዳምሮ ዩዶራን አንገሸገሻት።

«አንቺ ነሽ እዚህ አምጪው ያልሽኝ» አለች የሟች እህት ቬርሊን፣ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠች። ከእሷ ሌላ ኦስበርት መሣሪያ ሲያስጭን በዓይኑ ያየ ምስክር አልቀረም። «ጎረቤት ጭምብል ያጠለቀ ሰው ሲገባ አይቷል። ማን ነው ብትይው ምን ይበልሽ? ማንም እንዳያውቃቸው ብለሽ ለሰዎችሽ ሁሉ ጭምብል አጠለቅሽላቸው፤ ይኸው፣ ማንም አላወቃቸውም!»

«ቬርሊን፣ ሰኞ...»

«ሰኞን ተይልኝ! ወንድሜን የገደለውን ሳትነግሪኝ አፌን አልከፍትም። ከነገርሽኝ ደግሞ የሚዘጋው አይገኝም።»

ዩዶራ ጓሮው ውስጥ ወደቆመው የዳቦ ፍሬ ዛፍ ዞረች። ከዛፉ እስከ ዳሱ ባለው ቀይ ጭቃ ላይ የቲቡርስን የባዶ እግር ዱካ እየተከተለች ሄደች። ዱካው ጥርት ያለ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የጣለው ዝናብ አላጠበውም። ቤቱን የሚያውቁት ሦስት የቡድኑ ሰዎች ነበሩ። አንድ በአንድ ጠራቻቸው።

የቀኑ ዘብ አስር አለቃ ዠርቬ ነበር። «የቤተ ክርስቲያኑ የማታ ደወል እስኪደወል እዚሁ ነበርኩ፣ ኢንስፔክተር። ስሄድ እያንጎራጎረ ነበር።»

«ዝናቡ ሲጥል የት ነበርክ?»

«እዚሁ፣ ደጅ ላይ።»

ዩዶራ ጫማውን አየች። እንደ መስታወት ያበራል።

የሌሊቱ ተረኛ ወጣቱ ኪምሮን ቀጠለ። «ቬርሊን ንጹሕ ልብስ ልታደርስለት አብራኝ መጣች። ደወሉ ገና አላባራም ነበር። ዳገቱ ላይ የኮማንደሩ መኪና ወደ ታች አለፈን። በሩ ጋ ስንደርስ የሚያር ነገር ሸተተን። "ቲቡ፣ እራታችንን አቃጠልከው እኮ!" ብዬ ቀለድኩበት። ገብተን ስናይ ሞቶ አገኘነው።»

የቡድኑ አዛዥ ኮማንደር ሉካን የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ጠቅልሎ፣ ቢንቢ እየወረረው፣ ማንጎ ይመጥጣል። ጭማቂው በአገጩ ይወርዳል።

«ከአጥሩ በር ሆኜ ጠራሁት። "ደህና ነኝ ጌታዬ፣ የዳቦ ፍሬዬ ሊደርስ ነው፣ ግቡና ቅመሱ" አለኝ። ቸኩዬ ስለነበር ሄድኩ። ወዲያው ኪምሮንን መንገድ ላይ አገኘሁት። እህት ዓለም፣ ምን ታደርቂናለሽ? ልጁ ግልፍተኛ ነው። እሱን ያዢና ወደ ቤታችን እንግባ።»

ማንጎውን ጨርሶ ጣቶቹን ላሰ። ዩዶራ ፊቷን አዞረች።

ከዚያም ሦስቱንም ከቬርሊን ጋር ዳሱ ሥር ሰበሰበቻቸው። የዳቦ ፍሬውን በጨርቅ አንሥታ ጠረጴዛ ላይ አኖረችና በቢላ ለሁለት ከፈለችው። ፍም ላይ የነበረው ጎኑ እስከ እምብርቱ ከስሏል፤ ሌላው አረንጓዴ፣ ጥሬ ነው።

«በዚህች ደሴት የዳቦ ፍሬ ሳይገለብጥ የሚጠብስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

«ሕፃን እንኳ ይገለብጣል» አለች ቬርሊን።

«ስለዚህ ቲቡርስ የሞተው ፍሬውን ፍም ላይ ካስቀመጠ ብዙም ሳይቆይ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ እምብርቱ እስኪከስል ለረጅም ጊዜ ብቻውን ነደደ። ኪምሮንና ቬርሊን በሩ ጋ ሲደርሱ ሽታው ተቀበላቸው፤ ኪምሮን ነፃ ነው። ዠርቬ፣ ቲቡርስ ፍሬውን የቆረጠው ከዝናቡ በኋላ ነው፤ ዱካው ይናገራል። አንተ ግን በዝናቡ ጊዜ እዚህ አልነበርክም፤ ጫማህ ላይ የጭቃ ፍንጣቂ እንኳ የለም። እንደ ልማድህ መጠጥ ቤት ዶሚኖ ስትጫወት ነበር፤ ማን በላ?»

ዠርቬ አንገቱን ደፋ። «ተበላሁ... ዝናቡ ከመጣሉ በፊት ጀምሮ እስከ ደወሉ ረም የሚሸጥበት መጠጥ ቤት ነበርኩ፤ መንደሩ ሁሉ አይቶኛል። ኮማንደሩ ናቸው "ሂድ ተዝናና፣ ኪምሮን እስኪመጣ እኔ አለሁ፤ ለማንም እንዳትተነፍስ" ያሉኝ።»

«ውሸታም!» አለ ሉካን።

«ውሸቱ የእርስዎ ነው» አለች ዩዶራ። «ከኪምሮን መምጣት ጥቂት ቀደም ብሎ ከሟች ጋር ተነጋገርኩ አሉኝ። የሚናገር ሰው፣ ፍሬው አፍንጫው ሥር እያረረ፣ ግቡና ቅመሱ ይላል? ያን ጊዜ ቲቡርስ ሬሳ ነበር። አሁን እጅጌዎን ይዘርጉልኝ።»

ሉካን አልተንቀሳቀሰም። ኪምሮን ክንዱን ይዞ እጅጌውን ዘረጋው። ጨርቁ ላይ የጣቶች ቅርጽ የያዘ፣ ጥቁር ቆሻሻ የለቀመ ሙጫ ተጣብቋል።

«የዳቦ ፍሬ ወተት በውኃ አይለቅም» አለች። «ፍሬውን በቆረጠበት እጁ ነው የጨበጠዎት። ያልገባኝ ምክንያቱ ብቻ ነው። ለኦስበርት ምኑ ነዎት?»

ቬርሊን ሣቀች፤ ሣቋ ማስመለስ ይመስል ነበር። «አበ ልጁ ናቸዋ! የኦስበርትን የበኩር ልጅ ክርስትና ያነሡት እሳቸው ናቸው። የክርስትናውን ፍየል መንደሩ በሙሉ በልቷል።»

«ለምን ሳትነግሩኝ ቀራችሁ?»

«ማን ጠየቀን? የጠየቅሽው መሣሪያሽን ነው።»

ሉካን ቀና አለ። «መሣሪያው በወንጀለኞች መካከል ዘመድ አለህ ወይ አለኝ፤ የለኝም አልኩት። ቃሌን አላጠፍኩም። አበ ልጅነት በእግዚአብሔር ፊት የገባሁት ኪዳን ነው፤ የአንቺ ቡድን ትናንት የተሰፋ ልብስ ነው።»

 ዩዶራን ያስጠላት እሱ ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ልብስ ስትኩራራ የኖረችው ራሷም ጭምር እንጂ።

ሉካንን ኪምሮን በካቴና አሰረው። ሰኞ ቬርሊን ኦስበርት ፊት ቆማ ያየችውን ሁሉ መሰከረች። ቡድኑ ፈረሰ። ዩዶራ አዲሶቹን አራት ሰዎች የመለመለችው በየመንደራቸው ዞራ፣ ማን የማንን ልጅ ክርስትና እንዳነሣ ጠይቃ ነው። ጭምብሎቹን አቃጥላ በየሸሚዙ ደረት ላይ ስም አሰፋች፤ መጀመሪያ የተሰፋው የራሷ ስም ነበር።