አሥራ ሁለት ነጥብ አራት

የመድኃኒት ቀማሚው አስከሬን የተገኘው እሁድ ረፋዱ ላይ፣ ከድንጋይ ካባው ሥር በተገለበጠች መኪናው ውስጥ ነበር። መርማሪዋ ስትደርስ ጉሙ አልተገለጠም። መጀመሪያ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አየች፤ 12.4 ላይ ቆሟል። ቀጥላ ጎማዎቹን ዳሰሰች፤ አዲስ ናቸው፣ ጥርሳቸው ገና አልተበላም።

በማግስቱ ሟቹ በሚወዳደርበት የመኪና ራሊ ክበብ ጠባብ ክፍል ሦስት ሰዎች ሰበሰበች፦ ሚስቲቱን፣ መካኒኩን፣ ክንዱ በጀሶ የታሰረውን የሟቹን ታናሽ ወንድም። በውድድሩ ከሟቹ ጎን ተቀምጦ መንገድ ይነግር የነበረው እሱ ነው።

«ምን ይጠብቃሉ?» አለች ሚስቲቱ። «ራሱ ተሳሳትኩ ብሏል። ይታሰርልኝ!»

«አዎ፣ እትዬ። የመንገድ መምሪያውን ተሳስቼ አንብቤ ነው» አለ ታናሽ ወንድሙ።

«መቼም እሽቅድምድም ነው፤ ቸኩላችሁ ይሆናል» አለች መርማሪዋ፣ ሆን ብላ።

«ኧረ የፍጥነት ውድድር አይደለም!» ወጣቱ ሳያስበው ሞቅ አለ። «በተባለው ሰከንድ መድረስ ነው። መቅደምም ማርፈድም እኩል ያስቀጣል። ለሰርጉ አንድ ሰዓት ያረፈደው ወንድሜ፣ ለዚህ ሲል በሰከንድ መኖር ጀምሮ ነበር።»

ሚስቲቱ ፈገግ ልትል ቃጥታ ተወችው።

«ቆጣሪውንስ ፈትሻችሁት ነበር?»

«ቅዳሜ፣ ክበቡ በለካው አሥር ኪሎ ሜትር ላይ። ጀማሪ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ልክ አሥር አለ።»

መርማሪዋ መምሪያውን ገለጠች። «‹12.4 ላይ ወደ ግራ› ይላል። አንተም ግራ ያልከው ቆጣሪው 12.4 ሲል ነው። አልተሳሳትክም። መንገዱን ግን ዛሬ ጧት ከመነሻው አስለክቼዋለሁ፤ የካባው መግቢያ 11.9 ላይ ነው። እውነተኛው መታጠፊያ ከዚያ ግማሽ ኪሎ ሜትር አልፎ ነው። በጉም ውስጥ ደግሞ የሚታየው ቁጥር እንጂ መንገድ አይደለም። እንግዲህ ቅዳሜ ልክ የነበረው ቆጣሪ እሁድ ዋሸ ማለት ነው። ቆጣሪ የሚቆጥረው የጎማ ዙር ነው፤ ጎማው ካነሰ ዙሩ ይበዛል።»

ወደ መካኒኩ ዞረች። «አሮጌዎቹ ጎማዎች ጋራዥህ ውስጥ ናቸው፤ አዲሶቹ በቁጥር ከእነሱ ያንሳሉ። ማን አስቀየረ?»

መካኒኩ መሬት መሬት አየ። «እሁድ በጧት ነው... ‹ግትር ነው፣ እምቢ ይለኛል፣ እንዳትነግረው› ተብዬ...»

«ይተዉት!» ወጣቱ ብድግ አለ።

«አንተ መቼ አወቅህ?»

ወጣቱ ቀስ ብሎ፣ «ተገልብጠን ሳለ ጎማው ገና ይዞር ነበር። አዲስ መሆኑን ያኔ አየሁ።»

«አሮጌዎቹ እኮ አልቀው ነበር» አለች ሚስቲቱ፣ ለማንም ሳይሆን። «እንዳይንሸራተት ብዬ...»

እጇን ወደ ጀሶው ዘረጋች፤ ሳትነካው መለሰችው።

«ተሳስቼ ነው ብዬ ፈርሜ ነበር» አለ ወጣቱ ለመርማሪዋ። «ምን ጎደለብዎት?»

መርማሪዋ የፈረመበትን ወረቀት አጠፈችው። ነጻ ነህ ልትለው ይገባ ነበር፤ አፏ እምቢ አላት።